የጫጩቶቹ ወጌሻ

ባለፈው ሳምንት አንዷ ዶሮዬ ፈለፈለች። እንቅቡን ገለጥ ሳደርገው የእርጥብ ላባ፣ የእንቁላል ቅርፊትና የሞቀ ገለባ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ፊቴ ላይ መጣ። ዶሮዎቹ የባለቤቴ ነበሩ። የትኛዋ መጣል እንዳቆመች፣ የትኛዋ ለመታቀፍ እንደተዘጋጀች የሚያውቀው እሱ ነበር፤ እኔ እህል ከመበተን ያለፈ ሥራ አልነበረኝም። ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። እነሱ ግን እንደ ድሮው ይጥላሉ፣ ይታቀፋሉ።

ከጫጩቶቹ አንዱ መቆም አቅቶታል። እግሮቹ ግራና ቀኝ ተከፍተው በሆዱ ይንፏቀቃል። ባለቤቴ ታሞ ቤት ውስጥ ግሉኮስ ሲሰጠው የተረፈ የፕላስተር ጥቅል መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እስከዚያን ቀን አልነካሁትም። አወጣሁት። በቀጭኑ ቀደድኩና የጫጩቱን እግሮች አንድ ጣት ያህል አራርቄ አሰርኳቸው። እጄ እኔ ሳላዘው ነው የሠራው። ማን እንዳስተማረኝ ያስታወስኩት ካሰርኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቁጭ አልኩና መጻፍ ጀመርኩ። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ በቀን ግማሽ ገጽ ከሞላልኝ ብዙ ነው።

አሥር ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከደባርቅ ወጣ ብሎ ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከላይ ከተራራው የሚወርደው ንፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው የእኛን በር ነበር። አባቴ የቱሪስት ዕቃ በበቅሎ እየጫነ ወደ ጊችና ከጊች ማዶ ይሄዳል። አምስት ስድስት ቀን ይቆይና ቤት አንድ ሌሊት አድሮ ወደ ተራራው ይመለሳል። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ጎንበስ ማለት ሲከብዳት ቤት የመለቅለቁ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

ያን ሥራ እወደው ነበር። ጠዋት ትኩስ እበት ከበረት አመጣለሁ፣ በውኃ አላላዋለሁ፣ ከጥግ ጀምሬ በመዳፌ እያነጠፍኩ ወደ በሩ እመጣለሁ። እናቴ ስትለቀልቅ ደቃቅ ጭድ ትጨምርበታለች፤ እኔ ግን ጭዱ ወለሉን ሸካራ ያደርገዋል ብዬ ተውኩት። ደረቅ ሲል ደግሞ ከወንዝ ባመጣሁት ለስላሳ ድንጋይ እያሸሁ እወለውለዋለሁ። ሰው ገብቶ «ማነው የለቀለቀው?» ሲል ለመስማት ስል ብቻ በር ላይ የምቆምበት ቀን ነበር።

አንድ ቀን እናቴ እንስራ ተሸክማ ስትገባ አዳለጣት። አልወደቀችም፤ ምሰሶውን ያዘች። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ትንሽ ቆመችና፣ «አንች ልጅ፣ እበት ነው የለቀለቅሽው ወይስ በረዶ ነው ያነጠፍሽው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ በዚያው አለፈ።

በነነዌ ጾም ሳምንት ገብስማዋን ዶሮ አስታቀፍናት። ዐቢይ ጾም ሊገባ ስለሆነ እንቁላል የሚበላ የለም፤ የተጠራቀመው ሁሉ ለዶሮዋ ይሆናል። እናቴ ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት ብላ አሥራ ሦስት መርጣ፣ እያንዳንዱን ጆሮዋ ሥር ነቅነቅ እያደረገች እንቅቡ ውስጥ ደረደረችው። «ቀን ቁጠሪ» አለችኝ። በከሰል ግድግዳው ላይ ማስመር ጀመርኩ።

ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ተወለደ። ጎረቤት ልከውኝ ስለነበር ከአጥሩ ማዶ ሆኜ እልልታውን ቆጠርኩ። ሰባት ነው። ወንድ ነው ብዬ እየሮጥኩ መጣሁ። እናቴን ለማረስ ከዳባት የመጣችው አክስቴ ሕፃኑን በሞቀ ውኃ ታጥባለች። የቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ ዞሯል። መርገጫው መሬት ማየት ሲገባው የሌላኛውን እግር ያያል።

«እግሩ ምን ሆኗል?» አልኩ።

አክስቴ በሩን አየችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምንም አልሆነም። አንችም ምንም አላየሽም» አለች።

«ለአባቴስ?»

«ለአባትሽም። ለማንም» አለች እናቴ ከአልጋው ላይ። ድምፅዋ ደክሞ ነበር። «ሰው ካየው ዓይን ያርፍበታል። አርባው ሲሞላ ጠበሉ ያቀናዋል። ማይልኝ።»

«ማርያምን» አልኩ።

ያኔ ማልኩ ማለት ትልቅ ሰው ሆንኩ ማለት መስሎኝ ነበር። ከአክስቴና ከእናቴ ጋር ሦስተኛ ሆኜ ምሥጢር ያዝኩ። እናቴ የተኛችበት አልጋ በአቡጀዲ መጋረጃ ተከልሏል፤ ወንድ የሆነ እንግዳ ከመጋረጃው ወዲያ አያልፍም። አባቴ ሲመጣ ደግሞ እናቴ ሕፃኑን እስከ አንገቱ ጠቅልላ ፊቱን ብቻ ታሳየዋለች። አባቴ በአንድ ጣቱ ጉንጩን ይነካና፣ «አፍንጫው የእኔ ነው» ብሎ ወደ በቅሎዎቹ ይመለሳል።

ወንድሜ በተወለደ በአምስተኛው ቀን እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። አሥራ አንዱ ወጡ፤ ሁለቱ ዝም አሉ። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና፣ «ውጭ ጭልፊት አለ፣ ብርዱም አይቻልም። ከጥጉ ከትልቁ ቅርጫት ሥር ከእናታቸው ጋር አድርጊያቸው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ለእንግዶቹ ክብር ብዬ ጥጉን አዲስ ለቀለቅሁት። ገለባውን ቆሻሻ ነው ብዬ ጠረግሁት። በድንጋዬ አሽቼ አሽቼ፣ እንደ መስታወት ሳደርገው ጫጩቶቹን እዚያ ላይ አስቀመጥኳቸው።

በሁለተኛው ቀን ሦስቱ መነሣት አቃታቸው። ለመቆም ሲሞክሩ አንዱ እግራቸው ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። አራተኛው ቆሟል፤ ግን የአንድ እግሩ ጣቶች እንደ ጡጫ ተጨብጠዋል፤ በጉልጥምቱ ነው የሚሄደው። አክስቴ ልጆቿን ጥላ መምጣቷ አሳስቧት ያን ቀን ጠዋት በሚኒባስ ወደ ዳባት ተመልሳ ነበር። የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ወደ አያ ወርቁ ሄድኩ።

አያ ወርቁ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ ወጌሻ ናቸው። የተሰበረ የሚጠግኑ፣ የወለቀ የሚመልሱ ሽማግሌ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጠፍር ሲያለሰልሱ አገኘኋቸው።

«አያ ወርቁ፣ ቤታችን እግሩን የታመመ አለ።»

ብድግ አሉ። «ማነው? አባትሽ ነው? በቅሎ ጣለው?»

«አይደለም። ጫጩት ነው።»

ተመልሰው ተቀመጡ። «ጫጩት?»

«አራት ናቸው።»

«እንግዲህ» አሉ ጠፍሩን አስቀምጠው፣ «የሰው እግር ጠግኛለሁ። የበቅሎ ጠግኛለሁ። አንድ ጊዜ የቄስ ገበዙን አህያ ጠግኛለሁ። ዶሮ ግን ልኮብኝ አያውቅም። ነገ ጥርሳቸውን ሲያማቸውስ ማንን ልትጠሪ ነው?»

«ጥርስ የላቸውም እኮ።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተከተሉኝ።

ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ወደ መጋረጃው ዞረው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ አበባ» አሉ። እናቴ ከውስጥ «አሜን፣ አያ ወርቁ፤ ይህች ልጅ አስቸገረችዎ» አለች። እሳቸውም «ኧረ ሹመት ነው የሰጠችኝ» ብለው ከቅርጫቱ አጠገብ ተንበረከኩ። ጫጩቶቹን ሳይነኩ በፊት መዳፋቸውን ወለሉ ላይ አንሸራተቱ።

«ማነው የለቀለቀው?»

ስጠብቀው የኖርኩት ጥያቄ ነው። «እኔ ነኝ!» አልኩ።

«አሳምረሽዋል። ችግሩም እሱ ነው» አሉ። «ጫጩት ሲወለድ አጥንቱ ገና ነው። የሚቆነጥጠው ነገር ይፈልጋል። ይህ ያዳልጠዋል፤ ሲያዳልጠው እግሩ ይከፈታል፤ የተከፈተው እንደ ተከፈተ ይጠነክራል። በይ አሁን ሸካራ ጆንያ አምጭ፣ ክርም አምጭ።»

ክር አልነበረንም። እናቴ ከራስጌዋ የተረፈ የጧፍ ቁራጭ በመጋረጃው ሥር አቀበለችን። አያ ወርቁ ሰም የጠጣውን ክር በጣቶቻቸው አሙቀው አላሉት፤ የጫጩቱን ሁለት እግሮች አንድ ጣት አራርቀው በስምንት ቁጥር አሰሩት። «አጥብቀሽ አይደለም» አሉኝ። «እግሩ እንዳይሸሽ ነው እንጂ እንዲታነቅ አይደለም። ያዥ፣ አንች ሥሪው።» ሁለተኛውን እኔ አሰርኩት። በጉልጥምቱ ለሚሄደው ከሳሙና ካርቶን ትንሽ ጫማ ቆረጡለት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘርግተው በሰም አጣበቁት። ጫጩቱ ቆሞ ጫማውን ሲያይ አያ ወርቁ፣ «ደባርቅ ገበያ ሊወጣ ነው» አሉ። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቀች። ከወለደች በኋላ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር።

ሦስተኛውን ጫጩት አገላብጠው አዩት። «ይህ ከሌሎቹ ቀድሞ የተከፈተ ነው፤ ደርቋል» አሉ። «እንሰረው፤ ግን ተስፋ አልሰጥሽም። እንዲህ ያለውን በታየበት ቀን ነው መያዝ። ዛሬና ነገ የያዝነው ይሰማናል፤ እያደር አይሰማም።»

ወደ በሩ ሲሄዱ ምሰሶውን አየሁት። እናቴ የያዘችውን ምሰሶ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ማለቴ የገባኝ የመሰለኝ። ጫጩቶቹን የሰበረ የእኔ ወለል ነው። እናቴን ያዳለጣትም የእኔ ወለል ነው። ያኔ ወንድሜ ሆዷ ውስጥ ነበር። አያ ወርቁ እግሩን ቢያዩት፣ ልክ እንደ ጫጩቶቹ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማነው የለቀለቀው?» ብለው ነው።

አሁን የወንድሜ እግር በማህፀን ሳለ የዞረ እንደሆነ አውቃለሁ። ከወለሉ ጋር አይገናኝም። ይህን ለማወቅ ያን ያህል ዓመት አልፈጀብኝም። ነገር ግን አሥር ዓመት ሲሆነኝ የማውቀው ያንን ነበር፤ ያደረግሁትንም ያደረግሁት ያንን ይዤ ነው።

በማግሥቱ ጭድ ለውሼ ወለሉን በሙሉ ደግሜ ለቀለቅሁት። ድንጋዬን ወንዝ ወርውሬ መጣሁ።

አክስቴ ከሄደች በኋላ ሕፃኑን የማጥበው እኔ ነበርኩ። እናቴ ወገቧን ያማታል፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። የተጣመመውን እግር በመዳፌ ስይዘው ለስላሳ ነበር። ገፋ ሳደርገው ትንሽ ይመጣል፤ ስለቀው ይመለሳል። ይህን አውቅ ነበር። ይመጣል። ይህን አያ ወርቁ ቢያውቁት ምን እንደሚሉ አሁን እየጻፍኩ ሳለ እንኳ ድምፃቸው ይሰማኛል።

አያ ወርቁ በየሁለት ቀኑ ይመጡ ነበር። ክሩን ያላላሉ፣ ያጠብቃሉ፣ ጫጩቶቹን ጆንያው ላይ ያስኬዳሉ። በሦስተኛው ጉብኝታቸው ሁለቱ መቆም ችለው ነበር። የካርቶን ጫማ ያደረገው ጫማውን አወለቀ፤ ጣቶቹ ተዘርግተዋል። ያ ደረቀ ያሉት ግን እንደተከፈተ ቀረ። የዚያን ቀን ሕፃኑ በኃይል ያለቅስ ነበርና ጆሯቸውን ወደ መጋረጃው አዘንብለው፣ «ድምፁስ የጎበዝ ነው። እግሩስ? ይራገጣል?» አሉኝ።

ለቀልድ ይሁን ለሥራቸው ልማድ፣ አላውቅም። መጋረጃው ከእጃቸው አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

«ደህና ነው» አልኩ። «ይራገጣል።»

ከመጋረጃው ጀርባ እናቴ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ እንቅልፍ ሲወስዳት እኔው ወጌሻ ልሁን አልኩ። ካርቶን ቆረጥኩ። ጧፉን አሙቄ፣ የወንድሜን እግር የቻልኩትን ያህል ገፍቼ፣ ካርቶኑን በመርገጫው አድርጌ ጠመጠምኩት። ጫጩት ጸጥ ይላል፤ ሕፃን ጸጥ አይልም። ፊቱ ጠቆረ፣ አፉን ከፍቶ ድምፅ አጣ። ክሩን ለመፍታት ጣቴ አልታዘዝ አለኝ፤ በጥርሴ በጠስኩት። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀይ መስመር ቀረ። እናቴ ነቅታ፣ «ምን ነካው?» አለች።

«ቁንጫ ነው መሰለኝ።»

መስመሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። አየችኝ። ከዚያ ጠቀለለችውና ጡቷን ሰጠችው። ቁንጫ በመስመር እንደማይነክስ እናቴ ታውቃለች። ምንም አላለችኝም፤ እኔም ምንም አላልኳትም። ያን ቀን አንዳችን ብንናገር ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ አሰብኩ።

አባቴ ሲመለስ ጫጩቶቹ ሲሮጡ አይቶ ተደነቀ። አያ ወርቁን አስጠርቶ፣ «ለዶሮዬ እንዲህ የደከሙ ለልጄም አባት ይሁኑት፤ ክርስትና ያንሱልኝ» አላቸው። አያ ወርቁ ዓይናቸው እርጥብ ሆነ። ልጅ አልነበራቸውም። እናቴ በመጋረጃው ውስጥ ሆና «እግዜር ይስጥልን» አለች። ድምፅዋን ስሰማው ደስታ ነው ብዬ ነበር።

አርባው ሲሞላ በጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ውርጭ ነበር፤ ሣሩ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ወጥታ ነጭ ለብሳለች፤ እጄን ይዛኛለች። ቄሱ ወንድሜን ከጨርቁ አወጡት። ሦስት ጊዜ ነከሩት። ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያይ እኔ የማየው እግሩን ነበር። መጀመሪያ ሲወጣ ዞሮ ነው። ሁለተኛ ሲወጣ ዞሮ ነው። ሦስተኛ ሲወጣ፣ ምናልባት ሲደርቅ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

አያ ወርቁ ነጠላቸውን ዘርግተው ተቀበሉት። ቀኝ እጃቸው ታች ወረደ። ዓይናቸው ገና የሕፃኑ ፊት ላይ ነበር፤ አውራ ጣታቸው ግን እግሩን አግኝቶ ገፋ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ገፋ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። ሥርዓቱ እስኪያልቅ እግሩን አልለቀቁትም።

ውጭ፣ ከወይራው ሥር፣ ጨርቁን ገለጡት።

«ይህ መቼ ነው የታወቀው?»

«ምኑ?» አለ አባቴ፤ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ እናቴን አየ።

«ከተወለደ ጀምሮ ነው» አለች እናቴ። «እኔ ነኝ የደበቅሁት። ጠበሉ ያቀናዋል ብዬ።»

አያ ወርቁ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። «አበባ» አሉ፣ «ለዶሮ ስመላለስ እዚያው መጋረጃሽ ሥር አልነበርኩም?»

«ነበሩ።»

«ባየው አቀናው ነበር አልልም። ውሸት ይሆንብኛል። እሞክረው ነበር ግን። ይህን ሁሉ ሳምንት እሞክረው ነበር። አሁንም እሞክረዋለሁ፤ ግን ያኔ ያኔ ነው።»

ሞከሩትም። ወንድሜ ዛሬም በቀኝ እግሩ ጠርዝ ነው የሚረግጠው። አንዳንድ ቀን እንዲያውም ያኔ ቢጀመር ኖሮ ለውጥ አያመጣም ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ያን ለስላሳ እግር መዳፌ ውስጥ አገኘዋለሁ።

አባቴ ፊቱን አዙሮ ወደ በቅሎዋ ሄደና፣ ያልላላውን መጫኛ ማጥበቅ ጀመረ። ከመንደሩ የመጡት ሁለት ሴቶች ከእናቴ አንድ እርምጃ ራቅ ብለው ቆሙ። አያ ወርቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሺ፣ አንችን ጠይቄሽ አልነበር?»

ስለ ወለሉ የሚጠይቁኝ መሰለኝ።

«አላየሁትም» አልኩ። «ሁልጊዜ እንደተጠቀለለ ነው። እናቴ አታሳየኝም ነበር።»

ለአንድ ወር ከምናምን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «እሷ ምን ታውቃለች፤ ልጅ ናት» አለች። «ይተዋት፣ አያ ወርቁ። ሥራው የእኔ ነው።»

ቤት ስንደርስ ለክርስትናው የመጣው ሰው ዝም ብሎ በላ፣ ዝም ብሎ መረቀ፣ ቶሎም ሄደ። አባቴ በነጋታው ማለዳ ሳይሆን በዚያኑ ቀን ከሰዓት ወደ ተራራው ወጣ። እናቴ ከጓዳው በር ላይ ጠራችኝ። ድፎ ዳቦው ገና ትኩስ ነበር፤ መሀሉን፣ ለአባወራ የሚቆረጠውን፣ ቆርሳ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

«ማርያምን ብለሽ የማልሽውን ጠበቅሽልኝ» አለችኝ። «ሁሉም ፊቱን ሲያዞርብኝ አንች አላዞርሽም።» ግንባሬን ሳመችኝ።

ወለሌን ፈርቼ እንጂ ለእሷ ብዬ እንዳልዋሸሁ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን የራበኝ መሰላት።

«ብይ እንጅ» አለችኝ፤ ዳቦውን ወደ አፌ ጠጋ አድርጋ።

በላሁ።